ድፍረትና መያዣው

በቋንቋችን «ደፋር» የሚለው ቃል ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው በራሱ ላይ የሚመጣውን አደጋ እያወቀ ወደ ፊት የሚራመድ ሰው ነው፤ ሁለተኛው አደጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይጠይቅ የሚሮጥ ሰው ነው። ሽማግሌዎች አንድን ልጅ «ደፋር ነው» ሲሉ አንዳንድ ጊዜ ማመስገናቸው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም መንቀፋቸው ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ከድምፃቸው ብቻ ነው። እኔም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ለመፈለግ አስቤ ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ። ለምሳሌ የመረጥሁት ነገር ግን እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል ተብሎ የማይጠበቅ፥ የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ነገር ነው፤ ይኸውም በጃፓን አገር ተጀምሮ ዛሬ የብዙ አገር ወጣቶች የሚወዱት «ድሪፍት» የተባለው የአውቶሞቢል ውድድር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቀው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አሠራሩን ሳናውቅ ስለ ምግባሩ ብንናገር ንግግራችን ባዶ ይሆናልና ጥቂት እንድገልጸው ፍቀድልኝ።

አውቶሞቢል እንደ ወትሮው ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች አስፋልቱን ነክሰው ይይዛሉ፤ የፊተኞቹ ይመራሉ፥ የኋለኞቹ ይከተላሉ። በድሪፍት ጊዜ ግን ነጂው የኋለኞቹ ጎማዎች መንከሳቸውን ትተው እንዲንሸራተቱ ሆን ብሎ ያደርጋል። ይህንም የሚያደርገው የእጅ ፍሬኑን ለቅጽበት በመሳብ፥ ወይም ፍሪሲዮኑን ረግጦ በድንገት በመልቀቅ የሞተሩ ኀይል በአንድ ጊዜ በኋላ ጎማዎች ላይ እንዲወድቅ በማድረግ፥ ወይም መኪናዋን አስቀድሞ ከመታጠፊያው በተቃራኒ ወገን ወዝውዞ ክብደቷ ሲመለስ ጅራቷን እንዲወረውረው በመተው ነው። ከዚህ በኋላ መኪናዋ በጎኗ ትሄዳለች። አፍንጫዋ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ሲያመለክት የፊት ጎማዎቿ ወደ ተቃራኒው ተጠምዝዘው ይታያሉ፤ ነጂውም መንገዱን የሚያየው በፊት መስተዋት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በጎን መስኮት በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የሚገዛት መሪው ብቻ አይደለም፤ የነዳጅ መርገጫውም ጭምር ነው። ነዳጁ ጥቂት ሲጨመር ጅራቷ ወደ ውጭ ይሰፋል፥ ጥቂት ሲቀነስ ይሰበሰባል። እጅግ ሲበዛ እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ጎማው አስፋልቱን መልሶ ይነክስና ወደ ሌላው ወገን ይወረውራታል።

ልምድ የሌለው ሰው የመኪናው ጅራት ሲከዳው ፍሬን ይረግጣል፤ ዐይኑንም በሚፈራው ነገር፥ በዛፉ ወይም በግንቡ ላይ ይተክላል። እጅ ዐይንን ይከተላልና ወደ ፈራው ነገር ይሄዳል። የድሪፍት ነጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ሊሄድበት ወደሚፈልገው ቦታ መመልከትንና እግሩን ከድንጋጤ መጠበቅን ነው። ስለዚህ ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው መኪናዋ ልጓሟን በጥሳ የኮበለለች ትመስለዋለች፤ በውስጧ የተቀመጠው ሰው ግን በዚያች ሰዓት የሚሠራው ሥራ የወርቅ አንጥረኛ ሥራን ያህል ልክ የሚጠይቅ ነው። አንጥረኛው እንኳ ቢሳሳት መልሶ ማቅለጥ ይችላል።

ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ተወለደ ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ በ1961 በምዕራብ ጀርመን በሆከንሃይም በሆንዳ ሞተር ብስክሌት ተወዳድሮ በ250 ሲሲው ክፍል አሸነፈ፤ በዓለም ሻምፒዮና የሞተር ብስክሌት ውድድር ድል ያደረገ የመጀመሪያው ጃፓናዊ እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በማን ደሴት ውድድር ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ኋላም ወደ አውቶሞቢል ተሻገረ። በ1970ዎቹ ዓመታት ታካሃሺ መታጠፊያዎችን በጎኑ እየተንሸራተተ በታላቅ ፍጥነት ሲያልፋቸው ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይመለከተው ነበር። ለእርሱ ግን መንሸራተቱ ትርኢት አልነበረም፤ የሚፈልገው መቅደምን ነበር።

በ1956 በናጋኖ የተወለደው ኬይቺ ጹቺያ ታካሃሺን እያየ አደገ። ባለጠጋ ቡድን አልነበረውምና ጥበቡን የተማረው በተራራ መንገዶች ላይ ነው። ጃፓን ተራራማ አገር ስለ ሆነች በየሸንተረሩ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ አላት፤ ጃፓኖች «ቶጌ» ይሉታል። ወጣቶቹ በሌሊት እዚያ እየወጡ ይለማመዱ ነበር፤ ፖሊስ ያሳድዳቸዋል፥ በየመታጠፊያው ላይም መኪና እንዳይንሸራተት ጉብታ ይሠራባቸው ነበር። ጹቺያን ስመ ጥር ያደረገችው መኪና ኃይለኛ አይደለችም፤ ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችው፥ 1,600 ሲሲ ሞተር ያላት ቀላል ቶዮታ ናት፤ «ሃቺ ሮኩ» ይሏታል፥ ስምንት ስድስት ማለት ነው። በ1987 ጹቺያ በተራራ ላይ ሲነዳ የሚያሳይ «ፕላስፓይ» የተባለ የቪዲዮ ፊልም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በአገሩ ያለ ወጣት ሁሉ ሊመስለው ፈለገ። በ2000 መጨረሻ ላይ እርሱና ዳይጂሮ ኢናዳ የተባለው የ«ኦፕሽን» መጽሔት መሥራች ይህን የሌሊት ልምድ ሕግና ዳኛ ወዳለው ወደ ተከለለ ሜዳ አወጡት፤ ውድድሩም ዲ ዋን ግራንድ ፕሪ ተባለ። በ2004 አሜሪካኖች ፎርሙላ ድሪፍት የተባለውን ጀመሩ። አስቀድሞም በ1995 ጹቺያ ከታካሃሺና አኪራ ኢዳ ከተባለ ሦስተኛ ነጂ ጋር በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አንዲት ሆንዳ እየተፈራረቁ ነድተው በክፍላቸው አንደኛ ወጥተዋል። ታካሃሺ ያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር። ልጅ ሆኖ ሲያደንቀው ለኖረው ሰው መሪውን ከእጅ ወደ እጅ ማስረከብ ምን ዓይነት ደስታ እንደ ሆነ ለማሰብ የአውቶሞቢል ወዳጅ መሆን አያስፈልግም።

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካደመጡኝ በኋላ «ጎማ ማቃጠል ነው እንጂ ምን ጥቅም አለው?» አሉኝ። ነቀፋቸው ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ቤተ ሰብ መኪና ዓመታት የሚያገለግል ጎማ በድሪፍት ሜዳ ላይ በጥቂት ዙር ጢስ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ጥቅም የሌለውን ሁሉ እንጣል ካልን ጉግስንም ገናንም መጣል ሊኖርብን ነው፤ እርሳቸውም በጉግስ ጉዳይ አይታሙም። ስለ ጥቅሙ ይህ ይብቃ፤ እኔን የያዘኝ ነገር ሌላ ነው።

በድሪፍት ውድድር ቀድሞ የደረሰ አያሸንፍም፤ ሰዓት አይፈርድም። ዳኞች መኪናዋ የተመደበላትን መሥመር መጠበቋን፥ በጎኗ የተኛችበትን ማዕዘን፥ ፍጥነቷንና አነዳዱን ይመዝናሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ክፍል ግን ሁለት መኪናዎች ጥንድ ሆነው የሚገቡበት ነው። አንዱ ይመራል፥ ሌላው ይከተላል፤ በሁለተኛው ዙር ይለዋወጣሉ። የሚመራው መሥመሩን በትክክል መሄድ አለበት፤ የሚከተለው ደግሞ የመሪውን ማዕዘን እየመሰለ፥ መኪናውን ወደ እርሱ በር የሚቻለውን ያህል አስጠግቶ፥ ሁለቱም በጎናቸው እየተንሸራተቱ አብረው መታጠፍ አለባቸው። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ሲቀር ያየሁበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ልብ አድርግ። የሚከተለው ሰው እንዲህ ሊጠጋ የሚችለው የፊተኛው በድንገት ፍሬን እንደማይረግጥ፥ መሥመሩንም ትቶ እንደማይወጣ ስለሚያምን ነው። መሪው ያለ ምክንያት ቢያዘገይና ግጭት ቢመጣ፥ የተገጨው እርሱ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ይህ ሰው ሊያሸንፈው ለሚፈልገው ሰው ታማኝ መሆን ግዴታው ነው። በሌላው ዓለም ተቀናቃኝን ማታለል ብልኀት በሚባልበት ጊዜ፥ በዚህ ጨዋታ ግን ተንኰለኛ መሪ ውድድሩንም የሰውየውንም አጥንት ይሰብራል። በጉግስም ሸሺና አሳዳጅ እየተለዋወጡ ሲጋልቡ እንዲሁ ነው፤ ዘንጉን የሚወረውረው ጋሻ ለያዘ ሰው ነው እንጂ ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሕፃን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ድንበሩ የቀረብን ይመስለኛል። በሜዳው ላይ ያሉት ሁለት ነጂዎች ሕይወታቸውን አስይዘዋል፤ ያስያዙት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነው፥ አንዱም ለሌላው መያዣውን ሲሰጥ ወዶና አውቆ ነው። በሌሊት በተራራ መንገድ ላይ የሚንሸራተተው ወጣት ያስያዘውስ የማንን ነው?

ይህን ነገር በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ካወጣው ከእኅቴ ልጅ ጋር ተከራክረንበታል። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ስለ ጹቺያና ስለ መኪናዎቹ የነገረኝም መጀመሪያ እርሱ ነው። «ጋሼ» አለኝ፤ «እነዚያ ልጆች በሌሊት ሲነዱ ማንን በደሉ? መንገዱ ባዶ ነው፤ ነጂው ጎበዝ ነው፤ ሲነጋ ማንም ሳይጎዳ ሁሉም ቤቱ ገባ። ያልደረሰ ጉዳት እንዴት በደል ይባላል?»

እኔም በሬ ጠቅሼ መለስሁለት። አንድ ሰው በሌሊት የጎረቤቱን በሬ ከበረት አውጥቶ በቁማር አስያዘው እንበል። ቀናውና አሸነፈ፤ ጎሕ ሳይቀድም በሬውን ወደ በረቱ መለሰ። ጎረቤቱ ጠዋት ተነሥቶ በሬውን ጠምዶ ወደ እርሻው ሄደ፤ ምንም አልጎደለበትም፥ ምንም አላወቀም። ይህ ቁማርተኛ ጎረቤቱን በድሏል ወይስ አልበደለም? በደሉ የሚጀምረው በሬው ሲጠፋ ነው ካልን የሰውን ንጽሕና የሚወስነው ዕጣው ነው ማለታችን ነው። ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ፍጥነት፥ በእኩል ችሎታ አንዱን መታጠፊያ አለፉ እንበል። አንደኛው ማንንም አላገኘም፤ ሁለተኛው ከሥራ የሚመለስ አንድ ባለ ብስክሌት አገኘ። አንዱን ጎበዝ፥ ሌላውን ነፍሰ ገዳይ እንላቸዋለን። ዳኛ የሚፈርደው በደረሰው ነገር ነውና በፍርድ ቤት ልዩነት ይኑራቸው። በኅሊና ፊት ግን ሁለቱ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ የባለ ብስክሌቱን ሕይወት ሳይጠይቁት አስይዘዋል። የመጀመሪያው በሬውን ስለ መለሰ ባለቤቱ አይሆንም።

የእኅቴ ልጅ በዚህ አልተረታም፤ እንዲያውም የተሻለ ጥያቄ አመጣ። «እንዲህ ከሆነማ» አለ፥ «መኪና የሚነዳ ሁሉ የሰው ሕይወት አስይዟል። አውቶቡስ ነጂውም፥ እርስዎም ወደ ሥራ ሲሄዱ ያው ነዎት።»

እውነት ነው፤ መንገድ ላይ የወጣ መኪና ሁሉ በሰው ላይ ጥቂት አደጋ ይጥላል። ነገር ግን ዛሬ በእግሩ የሚሄደው ሰው ነገ አውቶቡሱን ይሳፈራል፤ የታመመች ልጁንም በታክሲ ወደ ሐኪም ይወስዳል። አደጋውንም ጥቅሙንም ሁላችን ተካፍለነዋል፤ በመካከላችንም ውል አለ፥ ይኸውም በቀኝህ ሂድ፥ በዚህ ፍጥነት ሂድ፥ በቀይ መብራት ቁም የሚል ነው። እግረኛው መንገዱን የሚሻገረው ይህን ውል አምኖ ነው። በጎኑ እየተንሸራተተ የሌላውን ወገን መንገድ የሚይዝ ነጂ ግን ውሉን ለብቻው አፍርሶታል፥ ማፍረሱንም ለማንም አልነገረም። ከማዶ የሚመጣው ሰው ጨዋታ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ጎበዝነቱም አያድነውም። ችሎታ የሚገዛው የሚታወቀውን ነገር ነው፤ ሞተሩን፥ ጎማውን፥ የመታጠፊያውን ቅርጽ ነው። በአስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት፥ ከጫካ የወጣ እንስሳ፥ መብራቱ የተበላሸበት ብስክሌት በችሎታ ውስጥ አይገቡም። በተከለለው ሜዳ አስፋልቱ አስቀድሞ ይመረመራል፥ የአደጋ ሠራተኞች ይቆማሉ፥ ተመልካቹም ከግንብ ኋላ ይቀመጣል፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ዓለም ላይ እጅግ የሠለጠኑት ነጂዎች ስለሚነዱ ነው። ከእነርሱ ያነሰው ልጅ ደግሞ ያለዚህ ሁሉ ይነዳል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ከተሞች «ተፍሒት» የሚባለውን የጎዳና መንሸራተት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ተራ የቤት መኪናዎች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ግራና ቀኝ ይወረወራሉ፤ በዳርና በዳር የቆሙት ወጣቶች ብዙ ጊዜ ከመኪናው የሚለያቸው ምንም ግንብ የለም። በዚህ ብዙዎች ሞተዋል፤ መንግሥቱም በ2016 ቅጣቱን አጠበቀ፥ ደጋግሞ የተያዘ መኪናውን እስከ መወረስ ይደርሳል። እዚያ የቆሙት ወደው ነው የቆሙት ሊባል ይችላል። እኔ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ሲቆሙ ወደ ኋላ ባለማለቱ ብቻ ፈቃዱን ሰጥቷል ማለት አልችልም፤ ያ ፈቃድ ሳይሆን እፍረት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፥ ሳልሸሸው ልናገረው። ጹቺያ ራሱ የተማረው በተራራ ላይ ነው። እነዚያ ወጣቶች ሁሉ ሕግ አክብረው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ፥ ይህን ያህል ያመሰገንሁት ጥበብ ባልተወለደ ነበር ሊባል ይችላል። ከመጥፎ ሥራ መልካም ነገር ሲወለድ ምን እንላለን? ልጁን ስላየን ምንጩን እንመርቃለን? እኔ እንደዚህ አስባለሁ፤ ጥበቡን እወዳለሁ፥ የተገኘበትን መንገድ ግን ስለ ውጤቱ ብዬ ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም፤ ይቅር ማለት ቢቻል እንኳ የሚችሉት በእነዚያ ሌሊቶች በዚያ መንገድ ያለፉት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም። ጹቺያና ኢናዳም ጨዋታውን ወደ ሜዳ ባወጡት ጊዜ በራሳቸው መንገድ ለዚህ ነገር መልስ የሰጡ ይመስለኛል። ዛሬ የሚጀምር ወጣት ደግሞ በ1977 የነበረው ምክንያት የለውም፤ ሜዳው ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የእኅቴ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም «እሺ» አለ፤ «ሜዳው ተከልሎ፥ ሐኪም ቆሞ፥ ተቀናቃኜም ወዶ ቢመጣስ? ያን ጊዜ የማስይዘው የራሴን ብቻ ነው፤ የሚቃወመኝ የለም ማለት ነው።»

«ለእናትህ ነግረሃታል?» አልሁት።

«ብነግራት እሺ አትለኝም» አለ።

እውነቱን ለመናገር፥ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። የልጅ ሕይወት ለእናቱ እንደ ጎረቤት በሬ ነውን? አይመስለኝም። እንደዚያ ቢሆን ወታደርም፥ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር የሚሄድ ሐኪምም፥ ባሕር የሚሻገር ነጋዴም አይኖርም ነበር፤ እናቶች ሁሉ እንቢ ይሉ ነበርና። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያሳደገችው፥ ሲያመሽ በር ላይ የምትቆመው ሴት በዚህ ሕይወት ውስጥ ምንም ድርሻ የላትም ማለትም አልቻልሁም። መከልከል ትችላለች ባልልም፥ ሳታውቅ መቅረት ግን የለባትም አልሁት።

በሚመጣው እሑድ ሊነግራት ቈርጧል። እኔም አብሬው እንድሆን ለምኖኛል።